ጭስ ያልነካው ታማሚ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ዓለምሸት የአቶ ጎበዜን ሳሎን በር ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነው። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ገባች። ሦስት ወንዶች ወድቀዋል። አንዱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተደፍቶ ያስመልሳል። ሁለተኛው ግድግዳ ተደግፎ፣ ላቡ እየወረደ «ቤቱ ይዞራል፤ ኧረ ቤቱን ያዙልኝ!» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ አቤት ሦስተኛው! ፊቱ አመድ መስሎ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ወለሉ በገረባ ተሸፍኗል፤ ቅጠሉ ተቅሞ የተጣለ የጫት እንጨት ማለት ነው። የጭሮ ከተማ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ጫት አይታሰብም።

በሩ ላይ ጎረቤት ተኮልኩሏል።

«መድኃኒት አቅምሳቸው ነው» አለች አንዲት ሴትዮ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«ማን?»

«ማን ይሆናል እንግዲህ? ምሳውን የሠራችው ናታ!»

ሰዎቹ ገና አምቡላንስ ላይ ሳይጫኑ ከተማው ፈርዶ ጨርሷል። ወሬ እግር የለውም ያለው ማን ነው? ጭሮን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ጎበዜ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በምዕራብ ሐረርጌ ከብት ሲያክሙ ሠላሳ ዓመት ኖረው ጡረታ ወጡና ሦስት ወዳጆቻቸውን ለመሰናበቻ ጠሩ፤ የጨርቅ ነጋዴውን ቡርሃንን፣ መምህር ተስፋዓለምን እና የጭነት መኪና ሹፌሩን ኪሮስን። ምሳው ከፈለቀች ምግብ ቤት ታዞ መጣ። ከምሳ በኋላ በርጫ ተቀመጡ፣ ጫታቸውን ቃሙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋባዡ «መኪና ያመልጠኛል፣ እናንተ ተጫወቱ» ብለው ወጡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንግዶቹ ወደቁ። የአቶ ጎበዜ ስልክ አይሠራም።

ፈለቀች ደግሞ የኪሮስ የቀድሞ ሚስት ናት። ከዚህ በላይ ለወሬኛ ምን ይጨመርለታል!

ዓለምሸት ራሷ የፈለቀች የወር ተመጋቢ ናት። የዚያን ዕለት ምሳዋን የበላችው ከዚያው ድስት ነው። አምቡላንሱ ሲሄድ እያየች እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ምንም የለም። ይህ ደስ ሊያሰኛት ሲገባ ይበልጥ አስፈራት። ድስቱ ንጹሕ ከሆነ መርዙ የተጨመረው ለእነሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

*

«ከጓሮዋ ምን እንደተገኘ አየሽ?» አለ ኮማንደር ዳምጤ፣ ግማሹ ያለቀ የጸረ ተባይ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

«ለጎመኗ ነው ኮማንደር። ይኼ በየሰው ጓሮ አለ።»

«የየሰው የቀድሞ ባል ግን ሆስፒታል አልተኛም።»

የኪሮስ ሚስት ማሚቱ ቃሏን ሰጥታለች። ቃሏም አጭር ነው፤ «ከእሷ ሌላ ማን ሊጠላው?» የምትል። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ምሳው ሲላክ ለሌሎቹ ቀይ ወጥ ሆኖ ለኪሮስ አልጫ ነበር፤ በትንሽ ሰሃን፣ ለብቻው።

«ለብቻው!» አለ ዳምጤ ጣቱን ቀስሮ። «ሰኞ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። እስከዚያ የምታመጪው ካለ አምጪ። ደግሞ እዚያ እንደምትበዪ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተጠንቀቂ።»

ፈለቀችን አምጥታ ያሰረቻት ዓለምሸት ናት። ሌላ ሰው ከሚያዋክባት እኔ ልያዛት ብላ ነበር። አሁን በእስር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ትጠይቃታለች።

«አልጫውን ለምን ለብቻው ላክሽ?»

«ጨጓራ አለበታ! ስድስት ዓመት አብስዬ ያበላሁት ሰው ነው። በርበሬ ሲያቃጥለው ሌሊቱን ሲገላበጥ እንደሚያድር ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?» ፈለቀች የበሩን ብረት ያዘች። «ዓለሜ፣ የእኔን ተዪው። ቤቱ ላይ ድንጋይ እየወረወሩ ነው አሉ። እማማ ብቻዋን ናት። ዓይኗ እኮ አያይም፤ ከየት እንደሚመጣባት እንኳ አታውቅም።»

ዓለምሸት የፈለቀችን እናት እማማ ባየችን የሚጠብቅ አንድ ፖሊስ ልካ ወደ ራሷ ቤት ገባች፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ! ኪሮስ ከሞተ አንድ ፖሊስ ያን ሁሉ ሰው አይመልስም።

*

እሑድ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረሰች። ሲስተር ሀኒፋ አዳሯን ጨርሳ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሁለቱ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ኪሮስ ግን ልቡ ገና አልተረጋጋም።»

«መርዝ ነው?»

«ምልክቱ የጸረ ተባይ ይመስላል። ለሃጭ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ።»

ዓለምሸት ጠርሙሱ ዓይኗ ላይ መጣባት። «ይመስላል ነው ወይስ ነው?»

«ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ እናውቃለን። ሳምንታት ይፈጃል።»

«እኔ ያለኝ እስከ ነገ ነው ሀኒፋ!»

«አውቃለሁ እህቴ። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ጫት የቃመ ሰው ሲያስመልሰው አረንጓዴ ነው። ሁለቱ እንደዚያው ናቸው። የኪሮስ ቡኒ ነው፤ የሻይ ቅጠል የመሰለ ነገር አለበት። ደም ነው እንዳትዪኝ፣ ወላሂ ደም አውቃለሁ። በዕቃ አስቀምጬልሻለሁ።»

ዓለምሸት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ምን እንደሚያደርግላት ግን አላወቀችም። ቡርሃን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ሥጋው ሲበላ ጣዕሙ ተለውጦብህ ነበር?» አለችው።

«የቱ ሥጋ?»

«የምሳው ነዋ።»

«ኢንስፔክተር፣ አንቺ የጭሮ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ቡርሃን ሳቀባት። «የክርስቲያን ሥጋ ነው። እኔ ከቤቴ በልቼ፣ ውሃዬን ይዤ ነው የሄድኩት።»

ዓለምሸት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም እንደማይበላ፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን እንደማይበላ እዚህ አገር ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ያውቀዋል። ጭንቀት ነው ያስረሳት። ቡርሃን ከፈለቀች እጅ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም፤ ግን ወድቋል።

«እና ምን ነካህ?»

ቡርሃን በሩን አየ። ሚስቱ እንደሌለች ሲያረጋግጥ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ሲጋር።»

«ሲጋራ?»

«ሲጋራ አይደለም፣ ሲጋር! ያ ፊልም ላይ ሀብታሞች የሚያጨሱት፣ አውራ ጣት የሚያክለው። ዶክተር ጎበዜ ከኩባ ተላከልኝ ብሎ ሰጠን። እኔ ሲጋራ በዓመት አንዴ ነው፣ ለሠርግ። መምህሩማ ጨርሶ አጭሶ አያውቅም።»

ከጎን ያለው አልጋ ላይ መምህር ተስፋዓለም ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ጎተተ።

«መምህር፣ አንተም?»

«እባክሽ ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ» አለ ከብርድ ልብሱ ሥር። «ወደ ውስጥ ስቤ ዋጥኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ጣሪያው ወረደብኝ።»

«ለምን ትናንት አልተናገራችሁም?»

«ሁሉም ምግቡ ነው ሲል እኔም አመንኩ» አለ መምህሩ። «ደግሞ ... በጭስ ወደቀ ከመባል በመርዝ ወደቀ መባል ይሻላል ለወንድ ልጅ።»

«አንዲት ሴት ታስራለች እኮ!» አለች ዓለምሸት። «እናቷ ቤት ላይ ድንጋይ ይዘንባል! ወንድነት ይኼ ነው?»

ቡርሃን ሻዩን አስቀመጠ።

«ኪሮስስ አጭሷል?»

ሁለቱ ተያዩ። «እኛ ስናጨስ እምቢ አለ» አለ ቡርሃን። «ከዚያ ወዲያ ማን ዓይን ነበረው!»

*

አቶ ጎበዜ ገጠር፣ ቦኬ መሄዳቸውን የነገሯት ጎረቤቶች ናቸው። ለዓለምሸት ግን ይህ ሽሽት ሆኖ ታያት። ሲጋሩ ውስጥ አንድ ነገር ቢኖርስ? ሰጪው ጤነኛ፣ ተቀባዮቹ በሞት አፋፍ፤ ደግሞ ስልኩ የማይሠራ! ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አቧራ ስትቅም ሄዳ ቦኬ ገባች። የገበያ ቀን ነው። አቶ ጎበዜን ያገኘቻቸው ከብት ተራ ላይ፣ የአንዲት ላም አፍ ከፍተው ጥርስ ሲያዩ፣ በገበሬ ተከበው ነው። ሽማግሌዎቹ «አካም ጅርቱ» እያሉ እጃቸውን ይጨብጧቸዋል። የሚሸሽ ሰው እንዲህ አይቆምም።

«አቶ ጎበዜ፣ ስልክዎ ለምን አይሠራም?»

«እዚህ ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል የኔ ልጅ። ምነው፣ ደህና?»

ነገረቻቸው። ላሟን ለቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እግዚኦ! ነግሬያቸው ነበር እኮ! ወደ ሳንባ አትሳቡት፣ አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ልቀቁት፣ ቀስ በሉ ብዬ ነበር!» ግንባራቸውን ያዙ። «እኔ ኩባ የተማርኩ ነኝ፣ በልጅነቴ የሄድኩ። መጀመሪያ ሲጋር ያጨስኩ ዕለት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንዳስመለሰኝ ዋልኩ። እናቴን እጣራለሁ፤ እናቴ ሐረርጌ፣ እኔ ባሕር ማዶ! ኒኮቲን ነው። አንዱ ሲጋር የብዙ ሲጋራ ጉልበት አለው። ያልለመደ ሰው ሲበዛበት ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ ሆዱን ይገለብጠዋል። አብዛኛው በሰዓታት ይለቃል።»

«ለኪሮስ ግን አለቀቀውም።»

«ኪሮስ?» አቶ ጎበዜ ቀና አሉ። «ኪሮስማ አላጨሰም። ወይ ፍንክች! ልጁ ሕይወት ታማ የዳነች ጊዜ አሰቦት ገዳም ወጥቶ ተስሏል። ጭስ በአፌ አይገባም ካለ ሦስት ዓመቱ ነው። አምስት ሲጋር ነበረኝ፤ አንዱን እኔ፣ ሁለቱን እነሱ። ሁለቱን ከነሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ነው የወጣሁት።»

የዓለምሸት ደስታ እዚያው ከብት ተራው ላይ ሟሟ።

መልስ ጉዞ ላይ፣ ኔትወርክ ያለበት ዳገት ስትደርስ ለኮማንደሩ ደወለች። ዳምጤ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ጎበዝ። ሁለቱ በጭስ ታመሙ፤ ተቀብያለሁ። ያላጨሰው ኪሮስ ግን ለምን ታመመ? ለብቻው ምን በላ?»

«አልጫውን» አለች ዓለምሸት።

«አየሽ? ሦስቱም በምግብ ታመሙ ብንል ይሻላት ነበር፤ በስህተት ነው ይባል ነበር። አሁን ግን አንዱን ብቻ ለይታ ነው።»

ጉድ ፈላ! ላድናት ብላ የቆፈረችው ጉድጓድ ሁሉ ፈለቀችን ይበልጥ ያሰምጣል። ሾፌሩን «ንዳው» አለችው። የሚታያት እማማ ባየች ከነበትሯ በሯ ላይ ተቀምጣ ነው።

*

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሳ የአቶ ጎበዜ ሳሎን ገባች። ቤቱ ከትናንት ጀምሮ ታሽጓል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከጠረጴዛው ጀመረች። የእንጨት ሳጥኑ ተከፍቷል። ውስጡ ያለው አንድ ሲጋር ነው።

ሁለት መሆን ነበረበት።

ሳህኑ ላይ ሦስት ቁራጮች አሉ፤ ሦስቱም ተቃጥለዋል። የአቶ ጎበዜ፣ የቡርሃን፣ የተስፋዓለም። አምስተኛው የት ገባ? መስኮቱ ሥር፣ ኪሮስ ወድቆ ያገኘችበት ቦታ ላይ ተንበረከከች። ገረባውን አንድ በአንድ አነሳች። ፍራሹን ገለጠች። ትራሱን ስታነሳ ምላጭና የአንድ ሲጋር ግማሽ ወደቁ።

መብራት ስር ወስዳ አየችው። አመድ የለውም። ጫፉ አልጠቆረም። እሳት ጨርሶ አልነካውም፤ በምላጭ ነው የተቆረጠው። ግማሹ የለም።

ቁጭ ብላ አሰበች። ያልተቃጠለ ሲጋር ግማሹ የት ይሄዳል? እሷ እዚሁ ነው ያደገችው። አባቷ ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ቅርንፉዱንም፣ ለውዙንም፣ ስኳሩንም ጉንጩ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር ሲጨምር አይታለች። በዚህ አገር ቅጠል እሳት አይፈልግም። ጉንጭ ውስጥ ይገባል፣ ይታኘካል፣ ጭማቂው ይዋጣል። ትምባሆም ቅጠል ነው።

«ቡኒ!» ብላ ጮኸች ብቻዋን፣ ተነስታም ወደ መኪናው ሮጠች።

*

ሀኒፋ ያስቀመጠችውን ዕቃ ከፍታ ከሲጋሩ ቅጠል ጋር አስተያየችው። አንድ ነው።

«ያ ረቢ! ይኼን ዋጠው?» አለች። «ያጨሰ ሰው ከበዛበት ይተዋል። ይኼ እኮ ጭማቂውን እያጣጣመ ወደ ሆዱ ላከው። ከነነፍሱ መትረፉ ተዓምር ነው።»

«ይኼን ጽፈሽ ትፈርሚልኛለሽ?»

«እፈርማለሁ። ግን ቅጠሉ እንዴት ሆዱ እንደገባ የሚያውቀው እሱ ነው። ሌላ ሰው አብልቶት ነው ቢሉስ?»

እውነቷን ነው። ዓለምሸት የኪሮስን ክፍል መጋረጃ ገለጠች። ማሚቱ የጸበል ዕቃ ይዛ ከራስጌው ተቀምጣለች። ኪሮስ ነቅቷል፤ ከንፈሩ ግን ገና ነጭ ነው። ዓለምሸት በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ግማሽ ሲጋር አልጋው ላይ አስቀመጠች። ኪሮስ አየውና ዓይኑን ጨፈነ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ማሚቱ።

«ኪሮስ ይንገረን።»

«አላውቀውም» አለ ኪሮስ።

«እሺ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ» አለች ዓለምሸት፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ። «ፈለቀች ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። የሚከሷት በአልጫው ነው። ጨጓራህን አስባ ለብቻው የሠራችልህ አልጫ። እናቷ ቤት ሁለት መስኮት ተሰብሯል። አንተ ዝም ካልክ እኔ የማደርገው የለኝም።»

ኪሮስ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። «ማሚቱ ትውጣ።»

«የት ነው የምወጣው?» አለች ማሚቱ። «እዚሁ ተናገር።»

«ጧት ምን አልሽኝ? ሕይወት ሌሊቱን ስታስል አደረች አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋን አይደለም!» ድምጹ ተሰበረ። «በእኔ ነው። ሲያጨሱ ሽታው ... ሦስት ዓመት የናፈቀኝ ሽታ መጣ። ጭስ ግን አላስገባሁም ማሚቱ! እሳት አላስነካሁትም። በምላጭ ቆርጬ ከጫቱ ጋር አኘኩት። ስለቴ ጭስ ነው ብዬ፣ ጭስ አይደለም ብዬ ... አሁን ብናገር ልጄ ትሞትብኛለች።»

ዓለምሸት ልታዝንለት አልፈለገችም፤ ግን አሳዘናት። ማሚቱ ግን አልተነቃነቀችም። የጸበሉን ዕቃ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«እግዚአብሔር በቅጠል የሚታለል መሰለህ?» አለችው። «ትምባሆ ስታኝክ ዝም ያለ አምላክ፣ ሰው በሐሰት ስታሳስር ዝም የሚል መሰለህ? እኔን እኮ በሰው ላይ አስመሰከርከኝ! ሄጄ፣ አፌን ሞልቼ፣ ገዳይ ናት አልኩ!»

«ማሚ ...»

«ዝም በል። ኢንስፔክተር፣ ጻፊው። ሁሉንም ጻፊው። ካልፈረመ እኔ ጣቱን ይዤ አስፈርመዋለሁ።»

ፈረመ። ኮማንደር ዳምጤ ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አነበባቸው። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «ጉድ እኮ ነው» አለ፤ የመፍቻ ትእዛዙን በዚያው ምሽት ጻፈ።

*

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓለምሸት ለምሳ ስትመጣ የፈለቀች ምግብ ቤት ባዶ ነው። በሌላ ቀን ወንበር የሚጠፋበት ሰዓት ነበር። ኪሮስ በትምባሆ መታመሙን ጭሮ ሁሉ ሰምቷል፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰዎች በበሩ ሲያልፉ ገልመጥ እያሉ ይሄዳሉ። ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ አራት አምስት ሰው ቆሞ ያያል።

ፈለቀች ትሪውን አመጣች። ወጡን ጨለፈች። ከዚያ በራሷ እጅ ከአንዱ ጥግ ቆርሳ በላች፤ ከሌላውም ጥግ ቆርሳ በላች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየቀመስኩልሽ። ከእንግዲህ እንዲህ ነው ዓለሜ። ቀምሼ ካልሆነ ማን ያምነኛል?»

ዓለምሸት የያዘችው ቁራሽ እጇ ላይ ቀረ። ወንጀሉን ፈትታ፣ ሴትዮዋን ፈትታ፣ ይኼን መፍታት አልቻለችም። አልቅሽ አልቅሽ አላት።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ማሚቱ ናት። በአንድ እጇ ልጇን ሕይወትን ይዛለች፤ ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ፈለቀች ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገናኝተው አያውቁም።

ማሚቱ ሰላምታም አልሰጠች፣ ይቅርታም አልጠየቀች። ከመንገዱ በደንብ የሚታየውን የበሩን ጠረጴዛ መርጣ ተቀመጠች። የልጇን እጅ አስታጠበች።

«ምሳ አምጪልን» አለች።

ፈለቀች ትሪ አቀረበች። አዲሱን ልማዷን ልታደርግ፣ ልትቀምስ እጇን ሰደደች። ማሚቱ እጇን ያዘቻት።

«አትቅመሺ።»

ማሚቱ እንጀራውን ቆረሰች። ከወጡ መሐል ጠቅልላ፣ ማዶ የቆሙት ሰዎች እያዩ፣ ያቺን የስለት ልጅ አፏን አስከፍታ አጎረሰቻት። ልጅቷ አኘከች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«እማ፣ ያቃጥላል!»

ፈለቀች ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ። «ቆይ የኔ እናት፣ አልጫ አለኝ» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች።